እጅጌ ያለው ብርድ ልብስ

የጉምሩኩ አለቃ እጅጌ የተሰፋለት ብርድ ልብስ ታቅፈው ሲመጡ፣ አንጋፋው ታሪፍ መዳቢ መነጽሩን አድርጎ እጁን ዘረጋ። አለቃው ግን አልፈውት ሄደው ዕቃውን አዲሷ መዳቢ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። "እስቲ አንቺ እዪልኝ፣ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ይመደብ? አስመጪው ልብስ አይደለም እያለ ነው።" የተዘረጋው እጅ ማረፊያ አጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሌለ አቧራ ጠረገ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያስቸገረ ዕቃ ሁሉ የሚመጣው እሱ ጋ ነበር።

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ለበሰችና ሁለት እርምጃ ተራመደች። ጫፉ እግሯ ላይ ተጠላልፎ ልትደፋ ስትል ቢሮው በሳቅ አውካካ። አለቃውም ሳቁ። አንጋፋው በቅናት ድብን አለ።

"ለብሰውት መራመድ ካልተቻለ ብርድ ልብስ ነው" አለች።

"እጅጌ ያለው ሁሉ ልብስ ነው!" ብሎ አንጋፋው አምባረቀ። "ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል!"

ልጅቷ የድሮ ውሳኔዎች የተጠረዙበትን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠችለት። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተወስኖ አግኝቼ ነው።" ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ልክ እንዲህ ያለ ዕቃ፣ "ተለብሶ ስለማያራምድ ብርድ ልብስ ነው" ተብሏል። የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነበር።

"ማነው የወሰነው?" አሉ አለቃው ወደ መዝገቡ እየተጠጉ።

"ፊርማው አይነበብም" አለች ልጅቷ፣ መዳፏን ፊርማው ላይ አሳርፋ።

አንጋፋው መዳፏን ትክ ብሎ አየው። እሱ በሷ ቦታ ቢሆን ፊርማውን በጣቱ ያሳይ ነበር። ደግነቷም ጭምር አስቀናው።