ድራሙ ለብቻው

አሮጌው አልበም እንደገና ሊወጣ ስለሆነ የድምፅ ባለሙያው መሣሪያዎቹን ለያይቶ ድራሙን ለብቻው ከፈተ። ሽማግሌው ድራም መቺ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ሲያዳምጥ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ምቱ ፈጠነና እጁ ቀጥ አለ። በዚህ ስህተት የባንዱን የባስ ጊታር ተጫዋች አርባ ዓመት ሲወቅስ ኖሮ፣ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆመም ነበር። የሟቹ ሚስት አሁን አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

ባለሙያው ባሱን ጨመረበት። ባሱ ሮጦ ድራሙ ላይ ደረሰ፤ ከዚያም የሰከረ ወዳጁን ክንዱን ይዞ ወደ ቤት እንደሚመልስ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ልኩ አመጣው።

«ጋሼ፣ ላስተካክለው? ደቂቃ አይፈጅም።»

«ተወው፤ እንዳለ ይውጣ።» ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «የፈጠንኩት እኔ ነኝ።»

«እሱም ያውቅ ነበር» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አለኝ?»

«‹እልኸኛ ነው፤ ከነገርኩት ዳግመኛ ድራም ላይ አይቀመጥም› ይል ነበር።»