የጥጓ ወንበር

በሁዳዴ የላዛኛ አምሮት ፒያሳ ድረስ ያመጣው ሰውዬ፣ ቤቱ ውስጥ በጾም ቀልድ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ባለቤቱ አስካለ ሻይዋ ላይ ወተት ጠብ ያደረገች መስሎት ኩባያዋን አሽትቶ ነው የወጣው።

አሮጌው የጣልያን ምግብ ቤት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ የጾም ስፓጌቲውን በሹካ ይጠቀልላል። እሱ አንገቱን ቀብሮ ከምሰሶው ጀርባ ወዳለችው ጥግ ሄደ።

«ጋሼ፣ እሷ ቦታ እንኳ ቋሚ ደንበኛ አላት» አለ አስተናጋጁ። «ግን እስኪመጡ ድረስ ግዴለም፣ ይቀመጡ።»

ላዛኛው መጣ። ሥጋው በስጎ ርሷል፣ ፎርማጆው እንደ ክር ይሳባል። ሰውዬው ዓለሙን ረስቶ አፉን ሞልቶ ሲያላምጥ አጠገቡ ሰው መጥቶ ቆመ። ማን እንደሆነ እንኳ ሳያይ፣ እናቱ ከልጅነቱ ያስለመደችው ቃል ከአፉ አመለጠው።

«እንብላ!»

ቀና ሲል አስካለ ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«በሁዳዴ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ሰውዬ፣ የኔን ሻይ ስታሸት ውለህ?»

ሹካው አየር ላይ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በማን ስም ምሎ እንደሚያመልጥ ገና ሲያስብ፣ አስተናጋጁ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! ዛሬ የቀሩ መስሎኝ ነው ቦታዎን ለሰው የሰጠሁት። ላዛኛዎ እየሞቀ ነው።»