የሦስት ሰዓቱ ዲ ማይነር

አቶ ሉልሰገድ አርባ ዓመት ሙሉ የአዲስ አበባን ፒያኖዎች ሲቃኙ ኖረዋል፤ የሆቴሉንም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ የሀብታሙንም ሳሎን። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ግራ ጎናቸውም አይታዘዝላቸውም። ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከሳሎኑ ጀርባ ባለው ክፍል ተኝተዋል። የቀራቸው ጆሯቸው ነው። ማንኪያ ሲወድቅ ሰምተው የትኛው ኖታ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ማንም ባይጠይቃቸውም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፒያኖ ያስተማሩ ናቸው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሳል ጠንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። በአሥራ አንደኛው ቀን ልጃቸው ሊያ የአባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬን አመጣናት። ሳንባዋ ነው። ሐኪሙ አንተ ጋ እንዳትገባ፣ እንዳትናገርም ከልክሏታል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እስኪሻላት። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት ትጫወትልሃለች።»

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ከዚያ የፒያኖው ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ዘገምተኛ ሙዚቃ ነበር፣ ዲ ማይነር በሚባለው ሐዘንተኛ ቅኝት የተጻፈ፤ አካሄዱ ቀብር ሸኝቶ የሚመለስ ሰው አካሄድ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዲት ሳል ተሰማች። ሙዚቃው ግን ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ሄደ።

አቶ ሉልሰገድ የዚያን ቀን እህል አልቀመሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዋሉ። ሊያ ናፍቆት ነው አለች። በማግስቱ በሉ። «መቼ ትገባለች?» ብለው ግን ዳግም አልጠየቁም።

ሐምሌ በዝናብ አለፈ። ጎረቤቶች ሊያን ደረጃው ላይ ሲያገኟት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ይንኳኳል፣ ሙዚቃው ይሰማል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳሏ ትመጣለች።

«ቀስ ማለት ጀመረች» አሉ አቶ ሉልሰገድ አንድ ቀን። «የግድግዳውን ሰዓት ቆጥሬ ነው። አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ዛሬ አሥራ ስምንት ሴኮንድ ጨመረ።»

«ደክሟት ይሆናል፣ አባዬ።»

«ድምፁም ግማሽ ኖታ ወርዷል። ይሄ ዲ ማይነር አይደለም።»

«ክረምት አይደል? እርጥበቱ ነዋ። አንተ ካልቃኘኸው ማን ይቃኘዋል?»

ሊያ የእናቷን ጣትም የአባቷን ጆሮም አልወረሰችም። ስፌት ነው የምትሠራው። እሷ ጆሮ ላይ የትናንቱና የዛሬው አንድ ነበር፤ ስለዚህ አባቷ ያሉት አስፈራት።

ሳሙናና ሻማ ልትገዛ ምድር ቤት ኑሪ ሱቅ ወረደች። ኑሪ ስታያት ከመቀመጫው ተነሣ።

«የባትሪ ድንጋይስ አትወስጂም? መብራቱ እንደሆነ ልማዱ ነው።»

«ይቆይ፣ ቤት አለ።»

«ጋሼ እንዴት ናቸው?»

«ጆሮው አልተኛም። ቀስ አለች፣ ድምፁ ወረደ ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ኑሪ ሻማውን በጋዜጣ ጠቀለለ። «እውነቱን ቢሰሙ ልባቸው የሚችል አይመስለኝም።»

«ወንድሜ ዓርብ ማታ ከጎንደር ይገባል። እሱ ሳይኖር አልችልም።»

«እኔም እወጣለሁ። ብቻሽን አትነግሪያቸውም።»

ሊያ ዓይኗን በጥቁር ሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ወጣች።

ዓርብ ከስግደት መልስ ኑሪ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። አቶ ሉልሰገድ በደህናው እጃቸው ክንዱን ያዙት።

«ኑሪ፣ አንተ መዋሸት አታውቅበትም። ሊያ እንዴት ናት?»

«ከስታለች፣ ጋሼ።»

«ኩሽና ገብታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ቧንቧውን የምትከፍተው እንዳልሰማት ነው። ለእኔ ብላ አለቀች እኮ።»

ኑሪ ብርቱካን ልጦ ሰጣቸው፣ የመጀመሪያውን ፍሬ ይዘው ቆዩ እንጂ አልበሉትም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሙዚቃው ከሁሉም ቀን የባሰ ነበር። እያንዳንዱ ኖታ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሳሏ ሳትቀር ረዝማና ወፍራ ተሰማች። የመጨረሻው ድምፅ የሚያልቅ ሳይሆን የሚሞት ይመስል ነበር። ሊያ እንኳ በዚህኛው ደነገጠች።

ኑሪ ከወጣ በኋላ ሻይ ይዛ ገባች። ከዚህ በላይ መሸከም እንደማትችል ታውቋታል።

«አባዬ፣ ዛሬ ማታ ወርቅአፈራሁ ከጎንደር ይመጣል።»

«ይምጣ።»

«ነገ በጠዋት፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንገባለን። ኑሪም ይኖራል። የምንነግርህ ነገር አለ።»

ሊያ ስኒውን አቀረበችላቸው። አቶ ሉልሰገድ እጃቸውን ዘርግተው ስኒውን ሳይሆን የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ።

«እሺ፣ ትነግሩኛላችሁ፣ እንደ አዲስ አለቅሳለሁ» አሉ፤ «ሦስት ሰዓት ላይ ግን የቴፑን ድንጋይ ቀይረሽ ክፈቺልኝ፤ እናትሽ በሕይወቷ እንዲህ ተጎትታ ተጫውታ አታውቅም።»