ዛላው ፀሐይ እንዲያገኝ

ጉም አገሩን ሸፍኖ ፀሐይ ከጠፋች ሠላሳ ዓመት አለፈ። የሺመቤት ግን «የልጄን ሰርግ በማሽን በደረቀ በርበሬ አልደግስም!» ብላ፣ ዛላውን በጆንያ አዝላ ከልጇ ከትርንጎ ጋር ዐለታማውን ኮረብታ ስትቧጥጥ አረፈደች። በመጨረሻ ጉሙ ከእግራቸው ሥር ቀረ፤ ጫፉ ላይ ፀሐይ ወለል ብላ ጠበቀቻቸው። የሺመቤት እልልታዋን አቀለጠችው።

ትርንጎ ነጩን አንሶላ ዘርግታ በርበሬውን ስታሰጣ አንድ ጥቁር ነገር አየች። በመዳፏ ብትፈትገው አልለቅ አለ። ፈቀቅ ስትል ተከተላት።

«እማዬ፣ አንሶላው ቆሽሿል፤ ደግሞ እድፉ ይንቀሳቀሳል!»

የሺመቤት ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጇ ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

«ጥላሽ ነው፣ የኔ ልጅ። የራስሽ ነው። አሁን ዞር በይልኝ፤ በርበሬዬን ጋረድሽው!»