የኤድና ማስጠንቀቂያ

ያቺ ኳስ መረብ ከነካች ክለቡ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ወደ ሦስተኛ ይወርዳል። በረኛው ሲሪል የግቡን ቋሚ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ነበር። ቅጣት ምቱን የሚመታው ግዙፍ ሰውዬ ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አይዞህ ሆዴ!» አለች የሲሪል ሚስት ኤድና ከግቡ ጀርባ።

«ሆድሽ ቁምጣውን እንዳያበላሽ!» አለ አንዱ ተሳላቂ።

ኤድና ተናደደች። በጦርነቱ ጊዜ መርዝ ጋዝ መጣ ብላ ሰፈሩን ታስጠነቅቅባት የነበረችውን፣ ሲያዞሯት የምትንቀጫቀጭ የእንጨት ማሽከርከሪያ አውጥታ ባሏን ለማበረታታት አሽከረከረቻት። ቀጨጨጨጭ! ያኔ ይህች ስትጮኽ የጋዝ መከላከያ ጭንብል እስኪጠለቅ ትንፋሽ ይዋጥ ነበር፤ ጭንብል የሌለው ደግሞ ጋዙ አለፈ የሚለው ደወል ሳይደወል አይተነፍስም። ሲሪል ጭንብሉን ፍለጋ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ጭንብል የለም! ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ዋጠ። ወዲያው ሕዝቡ ሲያገሳ ሰማ፤ ከተማው በሙሉ የሚያልቅ መሰለው።

«ሲሪል! ተንፍስ እንጂ!» ኤድና አጥሩን ዘላ ጀርባውን ደለቀችው። «ያም መቺ ሰውዬ በጩኸቱ ደንግጦ እንዳንተ ዓይኑን ጨፍኖ ኳሷን ከሜዳው ጀርባ ያለው ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ውስጥ ከተታት! አልወረድንም እኮ!»

ሲሪል ፊቱ እንደ በሰለ ፕሪም ጠቁሮ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ከንፈሩን እንደገጠመ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ የሌለ ደወል በጭንቀት ነቀነቀላት።