አቤት እማዬ

ኮሪያ ሄዶ የሚማር የውጭ ተማሪ ሁሉ በተመዘገበ ዕለት ኮሪያኛ ጭንቅላቱ ውስጥ ይጫንለታል። አፍ የፈታበት ቋንቋ ግን እስኪመረቅ ይተኛል። ከደብረ ታቦር የሄደችው ታንጉትም ከእናቷ ጋር የምታወራው በስልኳ አስተርጓሚ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ደወሉ። አስተርጓሚው ቃላቸውን በኮሪያኛ ሲያቀብላት፣ «ጨጓራዬ፣ ደህና ነሽ? ጨጓራዬ፣ በላሽ ወይ? ጨጓራዬ!» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ታንጉት ደነገጠች። ታመው ደብቀዋት መሆን አለበት። ወደ አገሯ ለመመለስ ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ውጭ ተማሪዎች ቤት ሮጠች። እዚያ አማርኛ እያዳመጡ ቋንቋቸውን የሚቀሰቅሱ ተማሪዎች የቅዳሜ ክበብ ተሰብስቦ ነበር። በክበቡ ሦስት ዓመት ተመላልሳ አማርኛዋን ያስመለሰችው ሰናይት በታንጉት ስልክ የተቀዳውን ጥሪ ሰማችና ሳቀች።

«እናትሽ አልታመሙም። ‹ሆዴ› ነው ያሉሽ። እኛ አገር የሚወዱትን ሰው እንደዚያ ብለው ይጠሩታል።»

ታንጉት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«የኔም አማርኛ ይመለስልኛል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ስሚ፤ ቀስ እያለ ይመለሳል። እኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ስድብ ነው።»

ታንጉት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ አስተርጓሚውን አጥፍታ ደወለች። እናቷ ስሟን ሲጠሩ ሰናይት በጆሮዋ ሹክ ያለቻትን ደገመች፦

«አቤት እማዬ!»

እናቷ አንድ ነገር ተናግረው እልልታቸውን አቀለጡት። ታንጉት ንግግሩን አልተረዳችውም፤ እልልታው ግን ገባት።