አምጪው አይናገርም

ነጋሪት ይስቃል፤ ለሦስተኛ ጊዜም ይሞታል።

የገደለው ሳቁ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ማይክሮፎን የክፍሉን ድምፅ ሁሉ ይሰማል። በጨዋታው ውስጥ፣ በጨለማው ቤት ኮሪደር ላይ የሚንጎራደደው ዐይነ ስውር ፍጡርም አብሮ ይሰማል። ድምፅ ከሰማ ይመጣል።

"ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍት?" ይላል ነጋሪት። የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ሌላዋ የቡድናችን አባል፣ ነርሷ ናት። "እኔ እኮ ሹክ ስል እንኳ ጎረቤት ይሰማኛል።"

"አፍህን ያዝና ተጫወት፣ አንተ ሰውዬ" ትላለች ነርሷ ከጎኑ።

እኔ ከኋላቸው፣ ጥጉ ላይ ተቀምጫለሁ። እጆቼን ጭኖቼ ሥር ደብቄያቸዋለሁ። ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ መናገር አይፈቀድልኝም።

የቡድናችን ሕግ ነው። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከኮምፒውተር ጥገናው ቤት በላይ ባለችው በዚህች ክፍል እንሰበሰባለን። አንዳችን፣ ትልቅ ኩባንያ ያልሠራውን፣ ሰው ያላወቀውን ጨዋታ ያመጣል፤ ሌላው ሃያ ደቂቃ ይጫወተዋል። ከተወደደ አርባ ሺህ ሰው በሚከታተለው ገጻችን ላይ ይወጣል። አምጪው አንድ ፍንጭ ከሰጠ ግን ይሰረዛል። "ራሱን ማስረዳት ያቃተውን ጨዋታ ጠበቃ አያድነውም" ይላል ሊቀመንበራችን። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው።

ይህን ጨዋታ እስከ ትናንት ያወረዱት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ እኔ ነኝ፤ በቤቴ፣ በቢሮዬና በእህቴ ኮምፒውተር። የሠራችው አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር አርማ ስትጨርስ እየተቀመጠች፣ አራት ዓመት። ስጽፍላት በዚያው ሰዓት መለሰችልኝ። "እህቴ፣ ስለዚህ ጨዋታ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ልተወው ወስኜ ነበር። በይ፣ እስከ ቅዳሜ ልጠብቅ።"

ቅዳሜ ዛሬ ነው።

ነጋሪት እንደገና ይጀምራል፤ አሁን ግን የምሩን ነው። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ የማራገቢያውን ገመድ ይነቅላል። ነርሷ አፏን በመዳፏ ትይዛለች። ፍጡሩ በደረጃው ይወርዳል፣ ከነጋሪት አጠገብ ይቆማል፣ አየሩን ያሸታል። የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚያልፍ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ጀርባዬን ላብ ያጠምቀዋል።

ያልፋል። ነጋሪት የመጨረሻው በር ላይ ይደርሳል። ፍጡሩ ቀድሞት በሩን ተደግፎ ቆሟል። ከስክሪኑ ግርጌ ሁለት ቃል ብቅ ይላል። "ማን አለ?"

ነጋሪት ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ሁሉም ይጠብቃሉ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ።

ስሕተቴ የሚገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሃያው ደቂቃ እንዳያልቅባቸው ብዬ ጨዋታውን የከፈትኩላቸው እኔ ከደረስኩበት፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን፣ የጠፋ ውሻ የሚፈለግበትን ክፍል ዘልዬዋለሁ። መምህርቷ ደግሞ የምታስተምረው እዚያ ነበር፤ የሸሸው ውሻ የሚመለሰው ተጫዋቹ በራሱ አንደበት ሲጠራው ነው። ዝምታ የማያድንበት ቦታ እንዳለ ሰው እዚያ ይማራል። ብቻዬን በምኖርበት ክፍል ውሻውን የጠራሁት ዕለት፣ በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ያ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ አመሻሽ ላይ ነበር።

እነዚህ ውሻውን አላዩትም። በሩ ፊት መልስ መስጠት እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ? እስከ ነገ ዝም ቢሉ አይከፈትም።

ነጋሪት ትከሻውን ይነቀንቃል። ሊቀመንበሩ ማስታወሻው ላይ በትልቁ "ተበላሽቷል?" ብሎ ጽፎ ያሳያቸዋል። ነርሷ ቀስ ብላ በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች።

አልተበላሸም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ብናገር ይሰረዛል፤ ባልናገር ተበላሽቷል ተብሎ ይቀራል። በሁለቱም መምህርቷ ዛሬ ማታ የምታነበው የእኔን ይቅርታ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ብናገር ከበሩ ኋላ ያለውን ያያሉ።

እዚህ ከመጣሁ ሰባት ወር ሆኖኛል፤ ለእነዚህ ሰዎች የተናገርኩት በጣት ይቆጠራል። የነጋሪት እጅ ጨዋታውን ሊዘጋ ወደ ማውሱ ይሄዳል።

"እኔ ነኝ" እላለሁ።

ነጋሪት ከወንበሩ ይዘላል። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። ከትከሻቸው በላይ ደግሞ ፍጡሩ ዐይን የሌለው ፊቱን ቀና ያደርጋል፤ ድምፄ ወደመጣበት፣ ወደ ጥጉ፣ ወደ እኔ። ልቤ ስትመታ ማይክሮፎኑ የሚሰማት ይመስለኛል።

ከዚያ ፍጡሩ ከበሩ ገለል ይላል።

በሩ ይከፈታል፤ ብርሃን ክፍላችንን ይሞላዋል። ከወዲያ አንድ ሙሉ አገር አለ። በእጅ የተሳሉ ተራሮች፣ ሸለቆዎች፣ እየሰፋ የሚሄድ ወንዝ፤ በእያንዳንዱ ላይ ስሙ በመምህር የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል።



"ሕግ ሕግ ነው፣ እህቴ" ይላል ሊቀመንበሩ በለሆሳስ። ማርከሩን አንሥቶ የጨዋታው ስም ወደተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ ይሄዳል።

"ቆይ" ይላል ነጋሪት ወደ እኔ ሳይዞር። "ወንዙን መሻገር ይቻላል?"

መልሱን አውቀዋለሁ። መናገር ይፈቀድልኝ እንደሆን ግን አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ስሙን ሊሰርዝ ማርከሩን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል። ዐይኑ ግን ስክሪኑ ላይ ነው። ነጋሪት ውኃው ውስጥ እግሩን ሲያስገባ የሊቀመንበሩ እጅ ዝቅ ይላል፤ ጥቁሩ መስመር ስሙን ሳይነካ፣ ከስሙ በታች፣ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ቦታ ላይ ረዝሞ ይወርዳል።